ትክክለኛ ትምህርት ይዞ መታበይ፦ የአስተምህሮ ክርክር ወደ መለያየት እንዳይሄድ በተግባር ምን ይደረግ?

#1 ዘቤርያ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ በጌታ። ይህን ክር የከፈትኩት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ለምትመሩ፣ በሽማግሌነት ለምታገለግሉና የመንፈሳዊ ውይይት ግሩፖችን ለምታስተዳድሩ ነው። «እንዋደድ፣ እንቻቻል» የሚል ምክር አልጠፋም። የጠፋው፣ ሁለት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው ሲፋጠጡ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምን እንደሚደረግ የሚነግር ነው።

አስቀድመን በሽታውን እንለይ። የአስተምህሮ ትዕቢት አስቸጋሪ የሚሆነው ለእግዚአብሔር ቃል መቅናት መስሎ ስለሚገባ ነው። በሀብቱ የሚኮራ ሰው ልቡ አንዳንዴ ይወቅሰዋል፤ በትምህርቱ የሚኮራ ግን ወንድሙን አሳፍሮ ሲወጣም እግዚአብሔርን ያገለገለ ይመስለዋል። ጳውሎስ «እውቀት ያስታብያል፥ ፍቅር ግን ያንጻል» (1ኛ ቆሮ. 8፥1) ብሎ የጻፈው ለተሳሳቱ ሰዎች አልነበረም። ጣዖት ከንቱ መሆኑን ማወቃቸው ልክ ነበር፤ ከቁጥር 4 ጀምሮ እሱ ራሱ ያጸናላቸዋል። የወቀሳቸው ያንን ትክክለኛ እውቀት ደካማው ወንድም በሚሰናከልበት መንገድ ስለተጠቀሙበት ነው። ስለዚህ «የምለው እውነት ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ማንንም ከትዕቢት ነጻ አያወጣም።

ምልክቶቹ በውይይት ላይ ይታያሉ። ሰውየው የሌላውን ወገን አሳብ ሲያቀርብ ሁልጊዜ ሞኝነት አስመስሎ ነው። ምንባቡ ስለ ጸሎትም ይሁን ስለ ምጽዋት፣ ጎትቶ ወደዚያው አንድ ጉዳዩ ያመጣዋል። ወንድሙ ሲሳሳት አያዝንም፤ ይነቃቃል። ከራሱ ወገን የሆነ ሰው ያንኑ ስሕተት ቢናገር ግን ያልፈዋል። በመዝጊያው ጸሎት ላይ «ጌታ ሆይ፣ ዓይናቸው ላልበራላቸው አብራላቸው» እያለ ክርክሩን በጸሎት ይቀጥላል። ይህን የመጨረሻውን መሪዎች ልብ በሉት፤ ማንም መልስ ሊሰጥበት ስለማይችል ከስድብ የባሰ ያቆስላል።

«እኛ የማንም ወገን አይደለንም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» የምንልም ከዚህ አንወጣም። በቆሮንቶስ «እኔ የጳውሎስ ነኝ»፣ «እኔ የአጵሎስ ነኝ»፣ «እኔ የኬፋ ነኝ» ከሚሉት ጋር «እኔ የክርስቶስ ነኝ» የሚሉትም በዚያው ወቀሳ ውስጥ ተቆጥረዋል (1ኛ ቆሮ. 1፥12)። የክርስቶስንም ስም የወገን መለያ ማድረግ ይቻላል።

የመጀመሪያው ሥራ ጉዳዩን በክብደቱ መመዘን ነው። ሦስት ደረጃ ይበቃል። አንደኛው ሲካድ ወንጌሉ ራሱ የሚጠፋበት ነው፦ ክርስቶስ ማን እንደሆነ፣ ስለ ኃጢአታችን መሞቱና መነሣቱ (1ኛ ቆሮ. 15፥1-8)፣ ሥላሴ። ሁለተኛው አማኝነትን የማያስክድ፣ ግን የአንድን ጉባኤ ሥርዓት የሚወስን ነው፦ ጥምቀት ለማን፣ የጌታ ራት እንዴት፣ አመራሩ በማን። ሦስተኛው በአንድ ጉባኤ ውስጥ ተቀምጦ መለያየት የሚቻልበት ነው። ትዕቢት አስቀድሞ የሚያፈርሰው ይህን ሚዛን ነው፤ ሦስተኛውን ሁሉ ወደ አንደኛው ያወጣዋል። ልምድና እውቀት ያላችሁ ጨምሩበት።

#2 ሐና_ም

ተባረክ ወንድሜ። ጥያቄ አለኝ። ሦስት ደረጃ ማለቱ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ነገር ግን የሚጣሉት ሰዎች የሚጣሉት በዚሁ በደረጃው ላይ ነው። አንዱ «ይህ የወንጌል ጉዳይ ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ የአመለካከት ነው» ይላል። ታዲያ ማን ይወስናል? ድምፅ የሚጮኸው ሰው ከሆነ የሚወስነው ምንም አላተረፍንም።

#3 መምህር_ዘጥሞና

እህቴ ሐና፣ ጥያቄሽ የነገሩ ሥር ነው። በጸብ መካከል ማንም በትክክል አይመዝንም። ስለዚህ መመዘኛው ከጸቡ በፊት በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። የአንድ ቤተ ክርስቲያን የሆነ ቡድን የቤተ ክርስቲያኑን የእምነት መግለጫ ይይዛል። ከልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰበ ቡድን ከሆነ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ይስማማበት፤ የኒቅያ ጸሎተ ሃይማኖት (በ325 ተደንግጎ በ381 የተስፋፋው፤ ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። በዚያ ውስጥ የሌለውን ነገር «አንደኛ ደረጃ ነው» የሚል ሰው ማስረዳቱ የእሱ ሸክም ይሁን።

አዲስ ጉዳይ ሲነሣ አራት ጥያቄ አቅርቡለት። የክርስቶስን ማንነት ወይም የማዳን ሥራውን ይነካል? ሐዋርያት በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ምን አደረጉ፣ እንደ ገላትያ 1፥8 አወገዙ ወይስ እንደ ሮሜ 14 ተቀባበሉ አሉ? በየዘመኑና በየስፍራው ያሉ ክርስቲያኖች በአንድነት የመሰከሩት ነው ወይስ የአንድ ትውልድ ክርክር? በመጨረሻም፣ በተግባር የግድ ውሳኔ ይጠይቃል? ሕፃናትን ማጥመቅ ወይም አለማጥመቅ ውሳኔ ይጠይቃል፤ አንድ ጉባኤ ሁለቱንም «እናምናለን» ብሎ ሊያስተምር አይችልም። የሺህው ዓመት መንግሥት ከጌታ መምጣት በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ግን በሚመጣው እሑድ ማንንም ምንም እንዲያደርግ አያስገድድም። ይህ አራተኛው ጥያቄ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ ለመለየት ከሁሉም ይረዳል።

አንድ የታሪክ ማስረጃ ልጨምር፤ በጉዳዩ ላይ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም። በ256 በሰሜን አፍሪካ በካርቴጅ 87 ጳጳሳት ተሰብስበው፣ በመናፍቃን እጅ የተጠመቁ ሰዎች ሲመለሱ እንደገና ይጠመቁ ወይስ አይጠመቁ ተወያዩ። ሊቀ መንበሩ፣ የካርቴጁ ጳጳስ ቆጵርያኖስ፣ «ይጠመቁ» ባይ ነበር፤ የሮሙ ጳጳስ እስጢፋኖስ ደግሞ በብርቱ ይቃወመው ነበር። ቆጵርያኖስ ስብሰባውን ሲከፍት እያንዳንዱ አሳቡን እንዲናገር፣ በማንም ላይ እንደማይፈርዱና የተለየ አሳብ ያለውን ከኅብረት እንደማይለዩ ተናገረ። ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እዚያው ካርቴጅ ዶናቲስቶች የተባሉ ወገኖች ተነሡ፤ በጥምቀት ጉዳይ የያዙት ትምህርት ያው የቆጵርያኖስ ነበር፣ እሱንም ምስክር አድርገው ይጠቅሱ ነበር። እነሱ ግን ተለዩ፤ የቀረውን ክርስቲያን ሁሉ የረከሰ አደረጉት። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ የመለሰላቸውም በዚሁ ነው፦ ትምህርቱን ከቆጵርያኖስ ወሰዳችሁ፣ ኅብረቱን ግን ተዋችሁ። ትምህርቱ አንድ፣ ፍሬው ሁለት። መለያየቱን የወለደው የክርክሩ ርዕስ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

#4 ጽኑዕ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ የምፈራው ሌላውን ጫፍ ነው። ዛሬ «ትዕቢተኛ» የሚለው ስም የሚለጠፈው ስለ ትምህርት ግድ ባለው ሰው ሁሉ ላይ ነው። አንድ ወንድም «ይህ ስብከት ከምንባቡ ጋር አይሄድም» ካለ ወዲያው «አትከፋፍለን» ይባላል። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ የወልድ አምላክነት በተካደበት ዘመን ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ የምናመልከው ማንን ነበር? አምስት ጊዜ የተሰደደው አንድነትን ጠልቶ አይደለም። ይሁዳ 3 ለእምነት እንድንጋደል ያዘናል። ሮሜ 16፥17ን ደግሞ በደንብ አንብቡት፤ መለያየትን የሚያደርጉ የተባሉት ከተማርነው ትምህርት የወጡት ናቸው፣ በትምህርቱ የጸኑት አይደሉም። «ከፋፋይ» የሚለው ቃል የመሪዎች ጋሻ ሲሆን ስሕተት ያለ ከልካይ ይገባል።

#5 መምህር_ዘጥሞና

ወንድሜ ጽኑዕ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ከዚህ ክር ሊወጣ የማይገባው እውነት ነው። ጥያቄ ያነሣን ሰው በ«አትከፋፍል» ዝም ማሰኘት ራሱ ትዕቢት ነው፤ የሥልጣን ትዕቢት። ስለ ሮሜ 16፥17 ያልከውንም እቀበላለሁ።

አትናቴዎስን ካነሣህ ግን በ362 ያደረገውንም እንይ። ከስደት ተመልሶ በእስክንድርያ ጉባኤ ሰበሰበ። በአንጾኪያ፣ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን የሚቃወሙት ራሳቸው ተከፋፍለው ነበር። አንዱ ወገን ስለ ሥላሴ «ሦስት ሂፖስታሲስ» (አካል ወይም ባሕርይ ተብሎ ሊወሰድ የሚችል የግሪክ ቃል ነው) ይላል፤ ሌላው «አንድ ሂፖስታሲስ» ይላል። አንዱ ሌላውን «ሦስት አማልክት ታመልካለህ» ይለዋል፤ ያኛው ደግሞ «አንተ አብና ወልድን ትቀላቅላለህ» ይለዋል። ጉባኤው ሁለቱንም ወገኖች ጠየቃቸው፦ «እንዲህ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» የመጀመሪያዎቹ በእውነት ያሉ ሦስት አካላት ማለታቸው እንጂ ሦስት አማልክት ማለታቸው አልነበረም። ሁለተኛዎቹም ቃሉን ለአንዱ ባሕርይ መጠሪያ አድርገውት እንጂ ሦስቱን አካላት ክደው አልነበረም። አንዳቸው የሌላውን እምነት ትክክል መሆኑን መሰከሩ። ከዚያ ጉባኤው የጠየቀው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፦ የአርዮስን ክህደት ማውገዝ፣ የኒቅያን እምነት መቀበል፣ መንፈስ ቅዱስ ፍጡር ነው የሚሉትን መለየት። ከዚያ በላይ ሸክም አልጫነም። አምስት ጊዜ የተሰደደው ሰው፣ ከማንም ይልቅ ጽኑ የሆነው ሰው፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይጠይቅ አላወገዘም።

ግን አንጾኪያ አልታረቀችም። የካልያሪው ጳጳስ ሉኪፈር የጉባኤው ደብዳቤ ሳይደርስ ለአንደኛው ወገን ጳውሊኖስን ጳጳስ አድርጎ ሾመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የሹመት ጉዳይ ሆነና ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ለሽማግሌዎች የምመክረው ይህን ነው፤ ክርክር ባለበት ወቅት ማንንም አትሹሙ፣ ማንንም ከአገልግሎት አታውርዱ። ሹመት ከገባበት በኋላ ማንም ስለ ምንባቡ አያወራም።

#6 ሰሎሜ_አንባቢ

የጥናት ቡድን አመራር ላይ ዝርዝር ልስጥ፤ ችግሩ በብዛት እዚያ ስለሚጀምር።

ቡድኑ ከ8 እስከ 12 ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ሲበዛ ሁለት ሦስት ሰው ይናገራል፣ የቀረው ተመልካች ይሆናል፤ ተመልካች ባለበት ደግሞ ክርክር ትዕይንት ይሆናል። ጠቅላላ ጊዜው 90 ደቂቃ ከሆነ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ምንባቡን ሁለት ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ለማንበብ ይዋል። ቀጥሎ 25 ደቂቃ «ምንባቡ ምን ይላል?» ብቻ። በዚህ ጊዜ ሌላ ጥቅስ መጥራት አይፈቀድም። ይህ ገደብ ጥቃቅን ይመስላል፣ ነገር ግን ከባዱን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ ተከራካሪ ሰው ከፊቱ ያለውን ምንባብ ትቶ የታጠቃቸውን ጥቅሶች የሚያወጣው በዚህ ሰዓት ነውና። ከዚያ ሌሎች ምንባቦችን ማገናኘትና ጥያቄ፣ ከዚያ ለሕይወት ምን ይላል፣ ከዚያ ጸሎት።

ክርክር ሲነሣ መሪው ጥናቱን ያቁምና ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፈው፤ ሁለቱም ወገን «አዎ፣ የምንለያየው በዚህ ነው» እስኪሉ ያስተካክለው። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ወገን ይዞ ከሆነ («የእግዚአብሔርን ሉዓላዊነት እንቀበላለን ወይስ አንቀበልም?» ዓይነት) ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ። ከዚያ መልስ አይሰጥም! እያንዳንዱ የሌላውን አሳብ በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ ይደግማል። መልስ የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው፣ 2 ደቂቃ። ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልስ እፍረት ይሆንበታል ይላልና ይህ የማስተማሪያ ዘዴ ብቻ አይደለም፣ መታዘዝ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ግማሽ ይሆናል፤ ማንም ላላለው ነገር ሲመለስ የነበረው መልስ ይወድቃልና። የቀረው ግማሽ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ እሱን 20 ደቂቃ ካልፈታው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይያዝለት፣ ሁለቱም የሚያነቡት ምንባብ ይሰጣቸው።

የሚበላሸው የት ነው? መሪው የመጨረሻውን ቃል ለራሱ ሲያደርግ። እጅ አስነሥቶ ድምፅ ሲያስቆጥር፤ የተሸነፈው ወገን በሚቀጥለው ሳምንት ደጋፊ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ሲቀመጡ። አንዱ ሌሎቹ ሊያረጋግጡት በማይችሉት የግሪክ ወይም የዕብራይስጥ ቃል ሲዘጋ፤ እንዲህ ሲሆን መሪው «የትኛው ምንባብ ላይ ነው፣ ሌሎች ትርጉሞችስ ምን አሉ?» ብሎ ሁሉም ሊያየው ወደሚችለው ይመልሰው። «ጌታ ነገረኝ» በሚል ሲዘጋም እንዲሁ፦ በጥናት ሰዓት ማስረጃው ምንባቡ ነው።

#7 ልድያ_አስተዳዳሪ

ሰሎሜ ተባረኪ። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ፊት አይታይም፣ ድምፅ አይሰማም፣ ተመልካቹም በመቶ ይቆጠራል። ሰው የሚጽፈው ለወንድሙ አይደለም፣ ለሚያነቡት ነው። ስለዚህ ደንቡ ሌላ ይሁን።

የአንድን ሰባኪ ትምህርት ለመንቀፍ የተቆረጠ ቪዲዮ የሚለጥፍ ሰው ሙሉውን ማያያዝ ግዴታው ይሁን። ሙሉው ከሌለ ይነሣ። በግል የተጻጻፉትን ስክሪንሹት ማውጣት ጨርሶ ይከልከል፤ ማቴዎስ 18፥15 «አንተና እርሱ ብቻችሁን» የሚለውን ከሥሩ ይነቅለዋል። ስለ ትምህርት መናገር ይፈቀድ፣ በሰው ላይ ስም መለጠፍ አይፈቀድ፦ «ይህ አባባል ከዮሐንስ 1፥1 ጋር ይጋጫል» ይቻላል፣ «አንተ መናፍቅ» አይቻልም። ሁለት ሰዎች ሦስት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ በጽሑፍ መቀጠላቸው ይቁም፤ ስልክ ይደዋወሉ፣ የተስማሙበትን ካለ ተመልሰው ይጻፉ። በንዴት የተጻፈ መልስ አንድ ሌሊት ይደር።

አስተዳዳሪው ተከራካሪ መሆን የለበትም። ይህን ደንብ የጣሰ ግሩፕ ሁሉ ይፈርሳል ብል ማጋነን አይሆንም። ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪ ይኑር፣ በአከራካሪዎቹ ጉዳዮች የተለያየ አቋም ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። አንዱ መከራከር ሲፈልግ የማስተዳደሩን ሥራ ለዚያ ርዕስ ለሌላው ይተው። መልእክት ሲነሣ ምክንያቱ ለጸሐፊው በግል ይነገረው። ከሁለቱም ወገን ደንብ የጣሰ እያለ የአንዱን ብቻ ማንሣት ደግሞ ከዝምታ ይከፋል፤ እምነት አንድ ጊዜ ከጠፋ ማብራሪያ አይመልሰውም።

#8 ሐና_ም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለሁላችሁ። አንድ ልጨምር፦ አዲስ ትምህርት ያገኘ ወጣትስ? ኃጢአተኛ አይደለም፣ ልቡ ይቃጠላል፣ ብዙ ያነባል፤ ግን በሁለት ወር ውስጥ ቡድኑን በሙሉ ያስቀይማል። ከገሠጹት ይሰበራል፣ ከተዉት ይሰብራል።

#9 ዘቤርያ

ሐና፣ ለዚህ የሐዋርያት ሥራ 18፥24-28 ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ ነው። አጵሎስ ሊቅ ነው፣ በመንፈስ ሲቃጠል ይናገራል፣ ስለ ኢየሱስ የሚናገረውም ትክክል ነው፤ የጎደለው የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ መሆኑ ነው። ጵርስቅላና አቂላ አስቀድመው ሰሙት። በምኵራብ መካከል አላቋረጡትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ከፊት ይልቅ በትክክል ገለጡለት። ብዙዎቻችን የምንረሳው ቁጥር 27ን ነው፦ ወደ አካይያ መሄድ ሲፈልግ ወንድሞች እንዲቀበሉት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉለት። የታረመው ሰው ከአገልግሎት ወደ ኋላ አልተጎተተም።

ስለዚህ ለወጣቱ፦ አንድ ሰው ብቻ ይቅረበው፣ ከእሱ በላይ ያነበበና የማይቸኩል። በመጀመሪያው ንግግር ትክክል የሆነበትን ነገር ለይቶ ይንገረው፤ ለማባበል ሳይሆን እውነት ስለሆነ። ከዚያ የሚቃወመውን ወገን ዋና ጽሑፍ ይስጠው፣ ስለዚያ ወገን ሌሎች የጻፉትን ትችት አይደለም። አዲስ ትምህርት ያገኙ ሰዎች ተቃራኒውን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ከራሳቸው መምህራን አንደበት ብቻ ነው፤ ምሳሌ 18፥17 እንደሚለው መጀመሪያ የተናገረው ጻድቅ የሚመስለው ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ነውና። ሦስተኛ፣ የማስተማር ሳይሆን የመሸከም ሥራ ይስጡት፦ የታመሙትን መጠየቅ፣ ወንበር ማስተካከል፣ ከማይስማማው ሰው ጋር አብሮ የሚሠራው ነገር። አሳቡን እንዲተው አትጠይቁት፤ ሮሜ 14፥5ም እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ ነው የሚለው።

ስለ ሮሜ 14 ካነሣሁ፣ ጳውሎስ ለሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ወቀሳ አልሰጠም። የሚበላው እንዳይንቅ፣ የማይበላው እንዳይፈርድ (ቁጥር 3)። ነጻነት ያለው ሰው ፈተናው ንቀት ነው፣ ጥንቁቁ ሰው ፈተናው ፍርድ ነው። አብዛኛው መሪ ፍርዱን ይገሥጻል፣ ንቀቱን ያልፈዋል፤ ንቀት በፈገግታ ስለሚመጣ። ሁለቱንም በስማቸው ጥሩአቸው።

#10 ጽኑዕ

መምህር፣ የ362ቱን ታሪክ በዚህ መልኩ አላሰብኩትም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን አሁንም ያልተመለሰ አለ። ሁሉ ተደርጎ፣ ሰውየው ተጠይቆ፣ ተሰምቶ፣ አሁንም ሰዎችን እየነጠለ የሚወስድ ከሆነስ? ወይም ደግሞ ስሕተቱ በእርግጥ አንደኛ ደረጃ ከሆነ? «አሁንም እንወያይ» ማለት መንጋውን መተው የሚሆንበት ጊዜ አለ።

#11 መምህር_ዘጥሞና

አለ። ሁለቱን ግን አትቀላቅላቸው፤ መንገዳቸው ይለያያል።

ትምህርቱ ወንጌልን የሚያጠፋ ከሆነ ክርክሩ ስለ ሰውየው ጠባይ አይደለም። ትሑትና ተወዳጅ ሰውም ቢሆን እንዲያስተምር አይፈቀድለትም (2ኛ ዮሐ. 9-11)። የሐዋርያት ሥራ 15ን ተከተሉ፦ ሁለቱም ወገን በግልጽ ይናገር፣ ያዩትን ይመስክሩ፣ ነገሩ በመጽሐፍ ይመዘን፣ ውሳኔው ይጻፍ። በቁጥር 24 ላይ ደብዳቤው ያለ ትእዛዝ ወጥተው ያወኩትን «እኛ አልላክናቸውም» ብሎ በግልጽ ለየ። በቁጥር 28 ደግሞ ከሚያስፈልገው በቀር ሌላ ሸክም እንዳይጫን ገደብ አበጀ። ይህ ገደብ ያልተጻፈበት ውሳኔ ነገ ለሌላ ጉዳይ መምቻ ይሆናል።

ትምህርቱ ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ ሰውየው ግን ጉባኤውን የሚነጥል ከሆነ፣ ቲቶ 3፥10 አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ገሥጾ መራቅ ይላል። እዚህ ላይ የሚገሠጸው ሥራው ነው፣ አመለካከቱ አይደለም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሲያነጋግሩት ሥራውን ቆጥረው ይንገሩት፦ በዚህ ቤት የተለየ ስብሰባ ጠራህ፣ ለእነዚህ ሰዎች ከጉባኤው እንዲወጡ ነገርካቸው፣ ያላልነውን ብለዋል አልክ። «መንፈስህ ልክ አይደለም» አይባልም፤ ማንም ሊታረምበት የማይችል ክስ ነው። የመጀመሪያው ተግሣጽ በሁለት ሰዎች ፊት ይሁን፣ ምን እንዲያቆምና በምን ያህል ጊዜ እንደሚታይ ይነገረው። ሁለተኛው ቢያንስ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይሁን፤ በአንድ ምሽት ሁለቴ መናገር ሁለት ተግሣጽ አይደለም። አመለካከቱን ይዞ በሰላም መቀመጥ እንደሚችል በግልጽ ይነገረው፤ ብዙ ሰዎች የሚወጡት «ወይ እመን ወይ ውጣ» የተባሉ ስለሚመስላቸው ነው።

አንተ ቀድሞ ያነሣኸውንም እዚህ እመልሰዋለሁ። ያው መለኪያ ለመሪዎችም ነው። 3ኛ ዮሐንስ 9-10 ላይ ዲዮጥራጢስ የተከሰሰው በስሕተት ትምህርት አይደለም። ዋና መሆን ይወዳል፣ በክፉ ቃል ይለፋልፋል፣ ወንድሞችን አይቀበልም፣ ሊቀበሉ የሚወዱትን ይከለክላል፣ ከቤተ ክርስቲያን ያወጣል። መሪ ስለሆነ ከፋፋይ ሊባል አይችልም የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ ያንብብ። ጥያቄ ያነሣ አባል ከመገሠጹ በፊት ለጥያቄው ከምንባብ መልስ ተሰጥቶታል ወይ? ካልተሰጠው ተግሣጹ አይጀመር።

#12 ሰሎሜ_አንባቢ

ለተለያዩትም እንጨምር፤ ብዙ አንባቢ ወደዚህ ክር የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በፊልጵስዩስ 4፥2-3 ጳውሎስ ለተጣሉ ሁለት እህቶች ሲጽፍ «እመክራለሁ» የሚለውን ለኤዎድያን አንድ ጊዜ፣ ለሲንጤኪን አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ለአንዷ ብቻ አይናገርም። የተጣሉበትን ጉዳይ አይገልጥም፣ ማን ትክክል እንደነበረችም አይናገርም። ሦስተኛ ሰው እንዲያግዛቸው ይለምናል። ሁለቱም ከእርሱ ጋር በወንጌል እንደ ተጋደሉ ይመሰክራል። አስታራቂ የሚሆን ሰው ይህን ቅደም ተከተል ይያዝ።

እርቅና ስምምነት አንድ አይደሉም። የሜቶዲስት ንቅናቄ መሪዎቹ ጆን ዌስሊና ጆርጅ ኋይትፊልድ ስለ አስቀድሞ መወሰን (እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መርጧል ስለሚለው ትምህርት) በ1739 እና በ1740 በአደባባይ ተጻጻፉ፤ ንቅናቄያቸውም ለሁለት ሄደ። በትምህርቱ እስከ መጨረሻ አልተስማሙም። በወንድምነት ግን ታረቁ፤ ኋይትፊልድ በ1770 ሲሞት በለንደን የመታሰቢያውን ስብከት የሰበከው ዌስሊ ነው። ስለዚህ ይቅርታ ስትጠይቁ ትምህርታችሁን አትካዱ፤ ኃጢአቱን ለዩት። «በደንብ ስላልተረዳኸኝ ይቅርታ» ይቅርታ አይደለም። «በዚያ ቀን በሰው ፊት ሳቅሁብህ፣ ያላልከውንም ብለሃል ብዬ ለሌሎች ተናገርኩ፤ በድዬሃለሁ» ይቅርታ ነው። በግሩፕ የተጻፈ ስድብ ከሆነ ይቅርታውም በዚያው ግሩፕ ይጻፍ፤ በሰው ፊት የተወሰደ ስም በስልክ አይመለስም። ስለ ሰውየው የሐሰት ነገር የሰሙትንም አንድ በአንድ ሄዶ ማረም የዚያው ይቅርታ ክፍል ነው፤ ለዚህ መጀመሪያ ለማን ለማን እንደተናገራችሁ በወረቀት ጻፉት።

ከዚያ በኋላ ወዲያው በክርክሩ ርዕስ ላይ አትቀመጡ። መጀመሪያ የማትለያዩበትን ምንባብ አብራችሁ አጥኑ፤ 1ኛ ጴጥሮስ ለዚህ ጥሩ ነው። በ1529 በጀርመን ማርቡርግ የተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ዝዊንግሊ ነጥቦቹን ጽፈው ሲያዩ ከ15ቱ አንቀጾች 14ቱን ተስማምተው ነበር፤ የቀረው ስለ ጌታ ራት የሚናገረው ነበር፣ በዚያም ላይ ከፊሉን ተስማምተዋል። ልዩነቱ እውነተኛ ነበር፣ ዛሬም አለ። ግን እስኪጻፍ ድረስ ስንቱ አንድ እንደሆነ አልታየም ነበር። እናንተም ጻፉት፤ በግራ የምትስማሙበት፣ በቀኝ የምትለያዩበት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበትና አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ርዕሱ እንደገና ሲነሣ ከቀኙ ዓምድ ውጭ አትውጡ።